በእናቴ መንጋጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ጠጠር ተገኘ፤ በመርፌ ማጠብ ይበቃል ወይስ መከፈት አለበት?

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ከ3 ዓመት ወዲህ ቀኝ ጆሮዋ ፊት ለፊት እያበጠ ይመለሳል፤ ስታኝክ ያማታል፣ ይንኮሻኮሻል። መጀመሪያ ጆሮ ደግፍ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ወሰደች። ቀጥሎ ጥርስ ማፋጨት ነው ተብሎ ማታ ማታ የምታደርገው ፕላስቲክ ተሠራላት። አሁን አፏ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። የሲቲ ስካን ውጤቷ «በቀኝ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ውስጥ ካልሲየም የያዙ ከ20 በላይ ጠጠሮች፣ ትልቁ 7 ሚሊ ሜትር፤ የመገጣጠሚያው ጣሪያ ሳስቷል፤ ሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ይመስላል» ይላል። አንዱ ሐኪም በመርፌ እንጠበው አሉ፤ ሌላው መከፈት አለበት አሉ። ካንሰር ነው? ቀዶ ሕክምናው ፊቷን ያጣምመዋል ብለው ሰዎች አስፈራርተዋታል። ምን እናድርግ?

ምላሽ፦ በጻፉልን ውጤት መሠረት ትክክለኛው የሁለተኛው ሐኪም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ከመከፈቱ በፊት ኤምአርአይ መነሣት አለበት። ምክንያቱን እናስረዳ።

በመርፌ ማጠብ ሲባል ሁለት መርፌ ወደ መገጣጠሚያው ገብቶ በአንዱ የጨው ውሃ ይገፋል፣ በሌላው ይወጣል። ለዚህ የሚውለው የተለመደ መርፌ የውስጥ ቀዳዳው 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የእናትዎ ትልቁ ጠጠር 7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው የሚያወጣው የተቆጣውን ፈሳሽና በጣም ደቃቁን ብናኝ ብቻ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙ ይቀንሳል፣ አፍም ትንሽ ይከፈታል፤ ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። የሚያሳስበን ይህ ጊዜያዊ እፎይታ ነው፤ «ተሻላት» ተብሎ ሌላ አንድና ሁለት ዓመት ሊያልፍ ይችላል፣ መገጣጠሚያውን ከአንጎል የሚለየው የአጥንት ጣሪያም በዚያው መጠን መሳሳቱን ይቀጥላል።

የመርፌው ቀዳዳ ቢሰፋ እንኳ ጠጠር ማውጣት ብቻውን በሽታውን አያቆመውም። የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከጆሮ ቀዳዳ ትንሽ ወደ ፊት ይገኛል፤ ጣትዎን እዚያ አድርገው አፍዎን ቢከፍቱና ቢዘጉ ሲንሸራተት ይሰማዎታል። የታችኛው መንጋጋ ራስ፣ ከራስ ቅል ሥር ባለ ጎድጓዳ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። በመካከላቸው ያለው ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል ነገር መገጣጠሚያውን ላይኛና ታችኛ ክፍል አድርጎ ይለየዋል። ሁለቱንም ክፍሎች ከውስጥ የሚያለብሳቸው ሲኖቪየም የሚባል ስስ ገለፈት ነው። ሥራው መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። በሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ገለፈቱ ልም አጥንት መሥራት ይጀምራል፤ የጆሮ ቅጠልና የአፍንጫ ጫፍ የተሠራበት ዓይነት ማለት ነው። ልም አጥንቱ በገለፈቱ ውስጥ እንደ ፍሬ ያብጣል፣ በቀጭን አንገት ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ተበጥሶ ፈሳሹ ውስጥ ይወድቃል። ፍሬዎቹ ከደም ሥር ቢለዩም አይሞቱም። ፈሳሹ ስለሚመግባቸው ከተበጠሱ በኋላም ማደግ ይችላሉ። ውለው አድረው ካልሲየም ይይዛሉ፤ በሲቲ ላይ እንደ ጠጠር የሚታዩትም ያን ጊዜ ነው። የእናትዎ «ከ20 በላይ» የሚለው ቁጥር የሚነግረን እንግዲህ ካልሲየም የያዙትን ብቻ ነው፤ ገና ያልጠነከሩት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው።

ሚልግራም የተባለ ሐኪም በ1977 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሽታውን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ ዛሬም በዚያው እንሠራበታለን። በመጀመሪያው ደረጃ ገለፈቱ ፍሬ ይሠራል፣ የተበጠሰ ግን የለም። በሁለተኛው ገለፈቱም ይሠራል፣ የተበጠሱም አሉ። በሦስተኛው ገለፈቱ ሥራውን አቁሟል፣ የቀሩት የተበጠሱት ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ጠጠር ማውጣት ብቻውን የሚበቃው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። እናትዎ በየትኛው እንዳሉ በእርግጠኝነት የሚታወቀው መገጣጠሚያው ተከፍቶ ገለፈቱ ሲታይና ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። ስለዚህም ቀዶ ሐኪሙ ጠጠሩን ለቅሞ ከመዝጋት ይልቅ የታመመውን ገለፈት አብሮ ማንሣት አለበት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ «በሽታው ተመለሰ» ከሚባለው ውስጥ አንዱ ክፍል እንደገና የተፈጠረ ሳይሆን በመጀመሪያው ጊዜ የተተወ ነው፤ ወይ ገለፈቱ ቀርቷል፣ ወይ በመገጣጠሚያው የውስጠኛው ጥግ ጠጠር ተረስቷል።

ካንሰር ነው ወይ ላሉት፦ ሲኖቪያል ኮንድሮማቶሲስ ካንሰር አይደለም። ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ ቦታ አይሠራጭም፤ ኬሞቴራፒም ጨረርም አያስፈልገውም። ወደ ካንሰር መለወጡ እጅግ ብርቅ ነው። ነገር ግን «ካንሰር አይደለም» ማለት «ቢቀመጥም አይጎዳም» ማለት አይደለም። በመገጣጠሚያውና በአንጎል መካከል ያለው የአጥንት ጣሪያ በጤነኛ ሰው እንኳ ስስ ነው፤ በብዙዎች ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጠጠሮቹና መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ያበጠ ከረጢት ለዓመታት ሲጫኑት ይሳሳል፣ ሊበሳም ይችላል፤ በሽታው በዚያ በኩል ወደ ራስ ቅል ውስጥ የገባባቸው ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ወደ ኋላ ከገፋ ደግሞ የጆሮ ቦይን ያጠባል፣ መስማትንም ይቀንሳል። በእናትዎ ውጤት ላይ ትልቁን ክብደት የምንሰጠው «ጣሪያው ሳስቷል» ለሚለው ሐረግ ነው፤ ከጠጠሩ ብዛትም በላይ።

በሽታው በዋናነት የሚታወቀው በጉልበት ላይ ነው፤ ከዚያ በዳሌ፣ በክርንና በትከሻ። በመንጋጋ መገጣጠሚያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1933 ሲሆን የገለጸውም አክስሀውዘን የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በጉልበት ላይ ወንዶች ይበዛሉ፤ በመንጋጋ ላይ ግን ሴቶች፣ በተለይም ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉት ይበዛሉ። ብርቅ ስለሆነና ምልክቱ ከሌሎች ጋር ስለሚመሳሰል ለዓመታት በሌላ ስም ሲታከም መቆየቱ በየአገሩ ያለ ነገር ነው። ጆሮ ደግፍ በቀናት ውስጥ የሚመጣና የሚያልፍ ኢንፌክሽን ነው፤ ሦስት ዓመት አይመላለስም። ጥርስ ማፋጨት ጡንቻ ያሳምማል፣ መገጣጠሚያም ያንኮሻኩሻል፤ በአንድ ወገን ብቻ በዓይን የሚታይ እብጠት ግን አያመጣም። እብጠት፣ መንኮሻኮሽና የአፍ መከፈት መቀነስ በአንድ ጎን ሲገጣጠሙ መገጣጠሚያው በምስል መታየት አለበት። ጠፍጣፋው የጥርስ ራጅም ለዚህ አይበቃም፤ ጠጠሩን ከአጥንት ጥላ ጋር ደርቦ ሊሰውረው ይችላል።

ለምን መጣ ለሚለው፣ እናትዎ ራሳቸውን እንዳይወቅሱ። ከድሮ ጉዳት ወይም ከመገጣጠሚያ ማርጀት በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ ዓይነት አለ፤ ጠጠሮቹም ጥቂት ይሆናሉ። ያለ ምክንያት የሚነሣው ዋናው ዓይነት ግን ከአመጋገብም ከአኗኗርም የሚመጣ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በብዙ ሕሙማን የገለፈት ሕዋሳት ውስጥ ኤፍኤን1 እና ኤሲቪአር2ኤ የተባሉ ሁለት ጂኖች ቦታቸውን ለቀው ተጣብቀው ተገኝተዋል። ይህ ለውጥ በዚያ ገለፈት ውስጥ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ ለእርስዎም ለእህት ወንድሞችዎም አያሰጋም።

አሁን ወደ ኤምአርአዩ። ሲቲ ስካን አጥንትን ያሳያል፤ ኤምአርአይ ደግሞ ፈሳሹን፣ ገለፈቱን፣ ዲስኩንና ካልሲየም ያልያዙትን ፍሬዎች ያሳያል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ሐኪሙ ሲያዝ የሁለቱም ጎን መገጣጠሚያ፣ አፍ ተዘግቶና ተከፍቶ ቢነሣ መልካም ነው። ጣሪያው ስለሳሳ ደግሞ በደም ሥር በሚሰጥ ማቅለሚያ ቢሆን እንመርጣለን፤ ከአንጎል ሽፋን ጋር መነካካቱን በግልጽ የሚለየው እሱ ነው። ማቅለሚያው ከመሰጠቱ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል። በልባቸው ላይ የተተከለ መሣሪያ ወይም በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ካለ አስቀድመው ይንገሩ። የቀድሞው ሲቲ ከ1 ሚሊ ሜትር በወፈረ የምስል ቁራጭ ተነሥቶ ከሆነ የጣሪያው ቀዳዳ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል፤ እንደገና በቀጭኑ መነሣት ሊኖርበት ነው። ለሐኪሙ የምትወስዱት የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ጭምር ይሁን። ቀዶ ሐኪም የሚያቅደው ከምስሉ ነው።

ምስሉ ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ ቦታ ካልሲየም የሚያሳዩ ሌሎች በሽታዎች አሉ፤ እንደ ሪህ ዓይነት የካልሲየም ክሪስታል ክምችት፣ የመንጋጋ ራስ ላይ የሚያድግ የአጥንት ዕጢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮንድሮሳርኮማ የተባለው የልም አጥንት ካንሰር። የተለያዩ ክብ ክብ ፍሬዎች በከረጢት ውስጥ ሲንሳፈፉ መታየታቸው ለኮንድሮማቶሲስ ይመሰክራል። አንድ ወጥ ሆኖ አጥንት የበላና ከከረጢቱ ውጭ ሥጋ ውስጥ የገባ ነገር ከታየ ግን ዕቅዱ ሁሉ ይለወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ፤ በኮንድሮማቶሲስ ውስጥ ያሉት የልም አጥንት ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የሚያስደነግጥ መልክ ሊኖራቸው ይችላል። አንዳንዱ ሕዋስ ሁለት አስኳል ይይዛል፣ መጠኑም ይለያያል። ናሙናውን የሚመረምረው ፓቶሎጂስት ምስሉን ሳያይ ጥቂት ቁራጭ ብቻ ቢደርሰው «ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ የሲቲውና የኤምአርአዩ ውጤት ከናሙናው ጋር አብሮ ይላክ። ናሙናውም ጠጠሩ ብቻ ሳይሆን ገለፈቱም ይሁን፤ በሁለት የተለያየ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል።

በመርፌና በመክፈት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ አርትሮስኮፒ። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ጠጠሮቹ ጥቂትና ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሱ፣ ያሉትም በላይኛው ክፍል ብቻ ከሆነ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጠባሳውም ትንሽ ነው። ለእናትዎ ግን አንመክረውም። ቧንቧው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 7 ሚሊ ሜትሩ አያልፍበትም፤ የውስጠኛውን ጥግ ገለፈት በሙሉ ማንሣትም በካሜራ አስቸጋሪ ነው፤ የሳሳ ጣሪያ ሥር ሹል መሣሪያ በጭፍን ማስገባትም አደጋ አለው።

የሚከፈተው በሙሉ ሰመመን ነው። አፋቸው ሁለት ጣት ብቻ ስለሚከፈት የመተንፈሻ ቱቦው በአፍንጫ በኩል፣ አስፈላጊ ከሆነም በካሜራ እየታየ ይገባል። ይህን ሰመመን ሰጪው ባለሙያ በቀዶ ሕክምናው ማለዳ ሳይሆን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ቁስሉ ከጆሮ ፊት ባለው የቆዳ እጥፋት ይጀምርና ወደ ጸጉሩ ውስጥ ይወጣል፤ ሲድን በቀላሉ አይታይም። ቀዶ ሐኪሙ ንብርብሩን እየለየ ወደ ጉንጭ አጥንት ይወርዳል፣ ከረጢቱን ይከፍታል። ብዙውን ጊዜ ጠጠሮቹ በግፊት ራሳቸው ይፈልቃሉ። የቀሩት በማንኪያ መሰል መሣሪያና በጨው ውሃ ይለቀማሉ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ቀጥሎ ያለው ነው፦ የፊተኛውና የውስጠኛው ጥግ እስኪጸዳ መታጠብ፣ የታመመውን ገለፈት መላጥ፣ ዲስኩን ማየት፣ ታችኛውንም ክፍል መፈተሽ። ከውስጠኛው ጥግ አልፎ ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ መቸኮል አይቻልም።

ዲስኩ ጤናማ ከሆነ መተው አለበት ብለን እናምናለን። የተበሳ ወይም ፍሬ የተጣበቀበት ከሆነ ግን ይወጣል። የመንጋጋው ራስም እንዲሁ ነው፤ በበሽታው ካልተበላ አይነካም። መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ ፈርሶ በሰው ሠራሽ መተካት የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከጻፉልን ውስጥ ወደዚያ የሚያመለክት ነገር አላየንም። ጣሪያው ተበስቶ ከተገኘ ከዚያው አካባቢ በሚወሰድ ስብ ወይም የጡንቻ ሽፋን ይደፈናል። ኤምአርአዩ የአንጎል ሽፋን መነካቱን ካሳየ ደግሞ የነርቭ ቀዶ ሐኪም አብሮ መግባት አለበት። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራበት ቦታ የማክሲሎፌሻልም (የመንጋጋና የፊት) የነርቭም ቀዶ ሕክምና ያለበት ሪፈራል ሆስፒታል ቢሆን እንመክራለን።

የፊት መጣመም ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ይሁንና ሰዎች በነገሯቸው መጠን አይደለም። የፊት ነርቭ ወደ ግንባር የሚልከው ቅርንጫፍ በጉንጭ አጥንቱ ላይ ተሻግሮ ያልፋል። አል-ካያት እና ብራምሊ በ1979 ባሳተሙት የሬሳ ጥናት ይህ ቅርንጫፍ ከአጥንታማው የጆሮ ቦይ ፊት ከ8 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ በአማካይ 20 ሚሊ ሜትር ርቆ እንደሚያልፍ ለክተዋል። ቀዶ ሐኪሞች የሚወርዱበትን መንገድ የሚመርጡት ይህን አውቀው ነው፤ ወደ ጆሮ ተጠግተው ይገባሉ፣ ነርቩንም ከላዩ ካለው ሽፋን ጋር አብረው ያነሡታል። ስለዚህ መቆረጡ ብርቅ ነው። በመሳቢያ መሣሪያው መወጠሩ ግን ያጋጥማል፤ ያን ጊዜ በቀኝ በኩል ቅንድብ ማንሣትና ግንባር መሸብሸብ ያቅታል፣ አንዳንዴም ዓይን አጥብቆ መክደን ይደክማል። የአፍ ጥግ ብዙውን ጊዜ አይነካም፤ ሰው በተለምዶ «ፊት ተጣመመ» የሚለው ደግሞ የአፍ መጣመምን ነው። ይህ ድክመት በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይመለሳል። እስኪመለስ ዓይን በደንብ ካልተከደነ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ቅባትና ዓይኑን የሚከድን ለስላሳ ፕላስተር ያስፈልጋል፤ ዓይን ከደረቀ ይቆስላልና ይህ ችላ አይባልም። ከጆሮ ፊት ያለው ቆዳ ለጥቂት ወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ከወራት በኋላ ሲመገቡ ቦታው ላይ ላብ የሚያወጣቸውም አሉ፤ አያሰጋም፣ ሕክምናም አለው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውጤቱን የሚወስነው እንቅስቃሴ ነው። የተከፈተ መገጣጠሚያ ዝም ከተባለ በጠባሳ ይያዛል፤ ጠጠሩ ወጥቶም አፍ አይከፈትም። ቀዶ ሐኪሙ ካልከለከለ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ቀን ጀምሮ በቀን 5 እና 6 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 ጊዜ ቀስ ብሎ መክፈትና መዝጋት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ ይጀመራል። እድገቱን ለመለካት የጉሮሮ መመርመሪያ የእንጨት ማንኪያዎችን ደራርቦ በፊት ጥርሶች መካከል ማስገባት ቀላል ዘዴ ነው፤ ሲለመድ አንድ አንድ ይጨመራል። በአዋቂ ሰው ጤናማ የሚባለው ከ35 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ነው። እናትዎ 35ን ካለፉ በቂ ነው፤ በግድ መጎተት ግን የለም። መጎተት የሚሰማበት ሕመም ይጠበቃል፣ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ይቆማል። ለአንድ ሁለት ሳምንት በቀኝ በኩል ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ላይገጥሙ ይችላሉ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ባለው እብጠት ነው። ከዚያ በላይ ከቆየ ለሐኪሙ ይነገር።

ምግብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጥሚት፣ ሾርባ፣ ለስላሳ ገንፎ፣ በደንብ የራሰ የሽሮ ፍትፍት ይሁን። ጾመኛ ከሆኑ የምስር ክክና የሱፍ ፍትፍት ቁስሉ እንዲድን የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይደግፋሉ። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ደረቅ ጥብስና ማስቲካ ቢያንስ 6 ሳምንት ይቆዩ። ሲያዛጉ አገጫቸውን በቡጢ ደገፍ ያድርጉ።

ክትትሉ በ1 ሳምንት ለስፌት፣ ከዚያ በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ቢሆን ጥሩ ነው። በዓመቱ ኤምአርአይ ተነሥቶ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸራል፤ ከዚያም እስከ 5 ዓመት በየዓመቱ መታየት ይመከራል። ገለፈቱ በሚገባ ከተነሣ በሽታው የሚመለስባቸው ጥቂቶች ናቸው።

ቀጠሮው እስኪደርስ ጠጠሩን የሚያሟሟ ክኒንም መርፌም ቅጠልም እንደሌለ ይወቁ። ለሕመሙ ከምግብ በኋላ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በቀን እስከ 3 ጊዜ ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር፣ የደም ግፊት ካለባቸው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ግን አይሆንም፣ ፓራሲታሞል ይተካዋል። ወጌሻ ዘንድ ወስዳችሁ መንጋጋውን እንዳታሳሹት አደራ። አፉ ያልተከፈተው ስለወለቀ አይደለም፤ በጠጠር ስለታገደ ነው። ጣሪያው በሳሳ መገጣጠሚያ ላይ በግድ መጎተትና መጫን ከባድ ጉዳት ያመጣል። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፣ ከንፈር ወይም ጉንጭ ከደነዘዘ፣ ቀዶ ሕክምናው ገና ሳይደረግ ፊት ከደከመ፣ በቀኝ ጆሮ መስማት ከቀነሰ፣ ወይም አዲስና የማይለቅ ራስ ምታት ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።